መንጠቆውን ሳልነካ

ሰኞ 3

ይህን ደብተር ከመሥሪያ ቤት ነው ያመጣሁት። ሽፋኑ ላይ «የደንበኞች ቅሬታ» ተብሎ ታትሟል። ውስጡ ነጭ ነው። ቅሬታ ጠፍቶ አይደለም፤ የሚመዘግብ ጠፍቶ ነው። እንግዲህ የመጀመሪያውን ቅሬታ እኔው አስመዝግቤ መዝገቡን በክብር እከፍታለሁ፦ ባለቤቴ እህቷ ቤት ሄዳለች።

እህቷ ወልዳለች። አራስ ልትረዳ ነው የሄደችው። ይህ ይፋዊ መግለጫው ነው። መግለጫ መጻፍ ደግሞ ሙያዬ ነው፤ በውሃ መሥሪያ ቤት ሕዝብ ግንኙነት ክፍል ተቀምጬ፣ ቧንቧ በፈነዳ ቁጥር «ለተፈጠረው መጉላላት» ብዬ የምጀምረው ሰውዬ እኔ ነኝ።

ይፋ ያልሆነው ደግሞ እንዲህ ነው። ቅዳሜ ማታ እንግዶች ነበሩን፤ ታች ፎቅ ያለው የጥርስ ሐኪምና ሚስቱ። ጨዋታው ቀዘቀዘ። እኔ ጨዋታ ሲቀዘቅዝ እያየሁ ዝም ማለት አይሆንልኝም፤ ሰው ሲሰምጥ አይቶ የማያልፍ ሰው እንዳለ ሁሉ። ባለቤቴ ጠዋት ጠዋት ትንሿ ክፍል ውስጥ ለችግኞቿ ታወራለች። ብቻዋን የሆነች መስሏት። እኔ ደግሞ በበሩ በኩል ሰምቻት ነበር። ተነሥቼ በእሷ ድምፅ፣ በእሷ እጅ አጣጣል፣ «የኔ ቆንጆዎች፣ ደኅና አደራችሁ? እናንተ እንኳ ጥላችሁኝ አትሂዱ፣ እሺ?» አልኩ።

ሐኪሙ እስኪያስለው ሳቀ። ሚስቱ እንባዋን ጠረገች። አማቴ፣ አብረውን የሚኖሩት የባለቤቴ እናት፣ አልሳቁም፤ እሳቸው ጆሯቸው ከበድ ስለሚል ይሆናል።

ባለቤቴ ሳህኑን ሰበሰበች። በማግሥቱ ልብሷን ሰበሰበች። በሩ ላይ ቆማ ያለችኝን ቃል በቃል አሰፍራለሁ፦

«ችግኞቹ ሲሞቱ ደውልልኝ። መጥቼ የቀረ ዕቃዬን እወስዳለሁ።»

እኔም «እንደ አያያዛቸው ከሆነ ሐሙስ እንገናኛለን» አልኳት።

ቀልድ ነበር።

ረቡዕ 5

አልሞቱም።

ሁኔታቸው ግን አሳሳቢ ነው። ቲማቲሞቹ በእርጎ ጣሳ፣ ቃሪያዎቹ በእንቁላል ካርቶን ይኖራሉ። መስኮቱ ድሮ ፀሐይ ነበረው፤ ጎረቤት ያለው ሕንፃ ፎቅ ሲጨምር ፀሐዩንም አብሮ ወሰደው። አሁን መስኮቱ የሚያሳየው ግድግዳ ነው። ችግኞቹም አንገታቸውን አስግገው ግድግዳውን ያያሉ፤ ልክ ጭማሪ ይመጣል እንደተባለ ሠራተኛ።

ባለቤቴ ይህን ቀድማ አይታ አምፖል ገዝታ ነበር። ረጃጅም ነጭ አምፖሎች፣ ከነካርቶናቸው ከበሩ ኋላ ቆመዋል። እንጨት አጋጥሜ፣ ፍሬም ሠርቼ፣ ከችግኞቹ በላይ እንድሰቅልላት ነበር የጠየቀችኝ። «ነገ» አልኳት። ክረምቱን በሙሉ «ነገ» አልኳት። ቃሌን ግን አላጠፍኩም፤ በማንኛውም ቀን ብትጠይቀኝ ሥራው በማግሥቱ ነበር።

ክፍሏ ትንሿ ቢጫዋ ክፍል ናት። ያለፈው ዓመት ነው የቀባናት። ለምን ቢጫ እንደመረጥን አሁን ትዝ አይለኝም። ከሆስፒታል ስንመለስ ይዘን የገባነው ይዘን የሄድነውን ልብስ ብቻ ነበር፤ ክፍሏ ተዘግታ ከረመች፤ ከዚያ ባለቤቴ ዘር መግዛት ጀመረች። ሁለቱ ነገሮች ምንም የሚያገናኛቸው ነገር የለም።

አማቴ አልሄዱም። ልጃቸው «እማዬ፣ ተነሺ እንሂድ» ስትላቸው፣ «የእህትሽ ቤት አምስተኛ ፎቅ ነው። ጉልበቴ አንዴ ወጥቶ አራሷን ጠይቋል፤ ሁለተኛ አይወጣም» አሉ። ስለዚህ ሚስቴ ሄዳ አማቴ ቀሩ። ሌሎች ወንዶች ይህን ዕድል በስለት ያገኙታል።

ማታ ራት ላይ፦

«እነዚያን ነገሮች ውሃ አጠጣሃቸው?»

«የእኔ አይደሉም እኮ፣ እማማ።»

«የማን እንደሆኑማ አውቃለሁ። ሲደርቁ ምን እንደሚሆን ታውቃለህ?»

«ዕቃ ትወስዳለች።»

«ዕቃ!» አሉና ሾርባቸውን መጠጣት ቀጠሉ።

ሐሙስ 6

ሐሙስ ነው። አልተገናኘንም። ውሃ አጠጣሁ። ሳልፍ ስለነበር ነው።

ቅዳሜ 8

ዛሬ ታላቅ የግንባታ ቀን ነበር። ለባለቤቴ ብዬ አይደለም። አምፖል ተገዝቶ በካርቶኑ መቅረቱ ብክነት ስለሆነ ነው።

እንጨት ያስፈልግ ነበር። እንጨት ሻጩ ዘንድ መሄድ፣ መለካት፣ መከራከር፣ ይህ ሁሉ ለጥቂት ጣሳ ቲማቲም? እኔ ከሄደች ወዲህ ሶፋ ላይ ነው የምተኛው (ለጀርባ ጥሩ ነው ይላሉ)። አልጋው ሥራ ፈትቷል። ከፍራሹ ሥር ካለው ርብራብ አንዱን አወጣሁ። ቀጥ ያለ፣ የተላገ፣ አምፖሉን የሚያክል ጣውላ። አንድ ርብራብ ቢጎድል ማን ያውቃል?

ሁለቱን አምፖሎች ጎን ለጎን በሽቦ አሰርኩበት። ብርሃኑ ወደ ላይ እንዳይባክን ከላያቸው የኩሽና ፎይል አለበስኩ። መስቀል ብቻ ቀረ።

ኮርኒሱ ላይ መንጠቆ አለ። የብረት ነው፤ ከኮርኒሱ አልፎ ወፍራሙ ግንድ ውስጥ ገብቷል። ራሴ ነኝ ባለፈው ዓመት በትራፓኖ በስቼ ያስገባሁት፤ ጎረምሳ ቢንጠለጠልበት አይነቃነቅም። እሱን አልነካሁትም። ከእሱ ፈቀቅ ብዬ ኮርኒሱ ላይ ምስማር መታሁ።

አማቴ በሩን ተደግፈው ያዩኛል።

«አንተ ልጅ፣ መንጠቆው እያለልህ ኮርኒሱን ምን አድርጎህ ነው የምትወጋው?»

«መንጠቆው መሀል አይደለም፣ እማማ።»

ቀና ብለው አዩ። መንጠቆው ልክ መሀል ላይ ነው። ወደ ክፍላቸው ሄዱ።

አበራሁት። ክፍሏ እንደ ቀዶ ሕክምና ቤት ቦግ አለች። እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ ቆሜ አደነቅኩ። ለማን እንደማሳይ ቢጠፋኝ ለሐኪሙ ልደውል ምንም አልቀረኝ።

እሑድ 9

ወደቀ።

ቁርስ ላይ ነበርን። አማቴ ማንኪያቸውን ሳያስቀምጡ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አሉ።

አምፖሎቹ ተርፈዋል። ከቃሪያዎቹ ጥቂቶች አልተረፉም። ምስማሩ የኮርኒሱን ቁራጭ እንደ ኮፍያ አድርጎ ነው የወረደው።

አልደወልኩም። ጥቂቶቹ ናቸው የሞቱት። የተባልኩት «ሲሞቱ» ነው፤ ሕጉ ስለ ጥቂቶች አይናገርም።

ማክሰኞ 11

ዋናው መሥመር ፈንድቷል፤ ግማሹ ከተማ ውሃ የለውም። እኔ ጋ ያለው ደግሞ ማስታወቂያ ነው። «ለተፈጠረው መጉላላት ከልብ ይቅርታ እንጠይቃለን» ብዬ ጽፌ አስገባሁ።

ሥራ አስኪያጁ አስጠሩኝ። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለዋል።

«ይህቺ ‹ይቅርታ› የምትለዋ ትውጣ።»

«ምን ልተካ ጌታዬ?»

«ይቅርታ ካልን አጠፋን ማለታችን ነው። ‹ስለ ትዕግሥታችሁ እናመሰግናለን› በል። ያኔ ሥራው የእነሱ ይሆናል።»

ይህ ሰው በከንቱ ሥራ አስኪያጅ አልሆነም።

ቤት ስደርስ ቧንቧው ደርቋል። ከሥር ካለው ታንከር በጄሪካን ቀድቼ ደረጃውን ወጣሁ። ግድግዳው ላይ የራሴ ማስታወቂያ ተለጥፏል፤ ስለ ትዕግሥቴ አመሰገንኩ። ትንፋሼን ሰብስቤ ወደ ቢጫዋ ክፍል ገባሁና ከአማቴ ሻይ ቀድሜ ችግኞቹን አጠጣሁ። ይህን አማቴ አይተውታል።

ዓርብ 14

ሁለተኛው ፍሬም። ከኮርኒስ ጋር ተቆራርጫለሁ፤ ይህኛው በእግሩ የሚቆም ነው። በሁለቱ ጫፍ ሁለት ሁለት ጣውላ እንደ ተከፈተ መሰላል አናታቸውን በብሎን አጋጥሜ፣ ከላይ አንድ ማገር አጋድሜ፣ አምፖሎቹን ከማገሩ በሰንሰለት ማንጠልጠል። ሰንሰለቱ እንዲያጥርና እንዲረዝም ነው፤ ችግኝ ሲያድግ ብርሃኑ ከፍ ማለት አለበት። ይህን ያነበብኩት ባለቤቴ ከአምፖሎቹ ጋር ካስቀመጠችው ወረቀት ላይ ነው። ወረቀቱ ክረምቱን ሁሉ እዚያው ነበር።

ለግንባታ ዕቃ ሻጩ፦

«ቀጭን ሰንሰለት አለህ?»

«ለውሻ ነው?»

«ለቲማቲም።»

ቆረጠልኝ። ከዚያ ወዲያ ዓይኔን አላየም።

ጣውላው? አልጋው ነዋ። ርብራቡ አሁን ለፍራሹ አይበቃም፤ ፍራሹ መሀሉ ረግቧል። ግን የሚተኛበት ስለሌለ ጉዳቱ ንድፈ ሐሳባዊ ነው።

አማቴ ትራፓኖው ሲጮህ መጡ። ጣውላዎቹን አዩ፤ ወደ መኝታ ቤቱ በር ዞረው አዩ፤ ተመልሰው እኔን አዩ።

«ይህን እንጨት አውቀዋለሁ ልበል?»

«እንጨት እርስ በርሱ ይመሳሰላል፣ እማማ።»

«እሷ ብትመጣ የት ልትተኛ ነው?»

«ትመጣለች አለች እንዴ?»

ይህን ስል ድምፄ ትንሽ ፈጠን ብሎ ነበር። ትራፓኖውን መልሼ አበራሁት።

ሰኞ 17

ቆሟል! አንድ እግሩ ትንሽ ያነክሳል፤ ካርቶን አጥፌ ከሥሩ አስገብቻለሁ። አማቴ ፍሬሙን «ጋሼ» ብለው ሰይመውታል። «ጋሼ ዛሬም ቆመው አደሩ?» ይላሉ ጠዋት ጠዋት።

ሐሙስ 20

ችግኞቹ ተመዘዙ። አንገታቸው ክር ሆኗል፤ ቅጠላቸው ጫፍ ላይ ብቻ፤ ሲያዩዋቸው ክብሪት የተተከለ ይመስላል። ደስ ብሏቸው ያደጉ መስሎኝ ነበር፤ ለካስ ብርሃኑ ርቋቸው ሲንጠራሩ ነው። ሰንሰለቱን አስረዘምኩ ብዬ ማሳጠሬን የደረስኩበት ዛሬ ነው። እንግዲህ አምፖሉ ከቅጠሉ ከአንድ መዳፍ በላይ አይራቅ ይላል ወረቀቱ። አወረድኩት።

ደንግጬ ነው መሰለኝ ደወልኩላት። ስልኩን ስታነሣ ከጀርባዋ ሕፃን ያለቅሳል።

«ሞቱ?» አለች። ሰላም የለ፣ ምን የለ።

«አልሞቱም።»

«ታዲያ ምን ሆነህ ደወልክ?»

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። አፌን ከፈትኩ። እኔ፣ ለከተማው ሁሉ የምናገር፣ ቃል ሞልቶ የተረፈኝ፤ ከአፌ የወጣው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? «ለተፈጠረው መጉላላት...»

ሕፃኑ እንኳ ማልቀሱን አቆመ፤ ለእሱም ሳይቀር ገብቶታል።

«በል ስለ ትዕግሥቴ አመስግነኝና እንዝጋው» አለች። ሳላመሰግናት ዘጋችው።

አማቴ ከክፍላቸው፦ «ማን ነው?»

«የተሳሳተ ቁጥር ነው፣ እማማ።»

«ቁጥሩማ ልክ ነበር» አሉ። ጆሯቸው ከበድ ይላል ብዬ የጻፍኩት ይታረም።

ቅዳሜ 22

ደረጃ ላይ ከጥርስ ሐኪሙ ጋር ተገጣጠምን። ገና ሲያየኝ ጥርሱን ገለጠ፤ ሙያዊ ጥርስ።

«ሰውዬ፣ ያቺን ነገር ለወንድሜ ነግሬው በሳቅ ፈረሰ። አብሮኝ ነው፣ ታች ቆሟል። እስቲ አንዴ ድገማት። ‹የኔ ቆንጆዎች› ያልካትን።»

ወንድሙ ከታች ቀና ብሎ ይጠብቃል። ታዳሚ ከነመቀመጫው ተዘጋጅቶልኛል። እኔ ደግሞ ታዳሚ አልንቅም፤ ይህን የሚያውቀኝ ሁሉ ያውቃል።

«ጉሮሮዬን አሞኛል» አልኩ።

«አፍህን ክፈት እስቲ ልይልህ።»

«አፌን ነው መክፈት የማልችለው።»

ጄሪካኔን ይዤ ወጣሁ። ከኋላዬ «ዛሬ ምን ነክቶታል?» ሲል ሰማሁ። ምንም አልነካኝም። ጉሮሮዬን ነው።

ሰኞ 24

የተመዘዘ ግንድ እንዲጠነክር በየቀኑ በመዳፍ ቀስ ብሎ መዳሰስ ነው አሉ፤ ነፋስ የነካው መስሎት ይወፍራል። ይህም ከወረቀቱ ላይ ነው። ስለዚህ ጠዋት ከሥራ በፊት እየገባሁ እዳስሳቸዋለሁ። ደረቅ ሳይንስ ነው።

ትንፋሽም ይጠቅማቸዋል ይባላል። ትንፋሽ ለማውጣት ደግሞ መናገር ይቀላል። ለሳይንስ ስል ጥቂት ተናገርኩ። «ቀና በሉ እንጂ። ምን ሆናችሁ? ይህን ሁሉ እንጨት የፈታሁት እናንተ እንድትተኙ ነው?» ዓይነት። ቀዝቃዛ፣ ወንዳወንድ ንግግር ነው። አንዷን ትንሽ ቃሪያ፣ ከወደቀው ፍሬም ሥር የተረፈችውን፣ «አንቺማ ጀግና ነሽ» ብያታለሁ። ይህም እውነቱን ለመመስከር ነው።

በሩ ገርበብ ብሎ ነበር።

ቅዳሜ 29

ቅጠሎቹ መኮማተር ጀመሩ። በአራት እግሬ ሆኜ ሳያቸው አማቴ መጡ።

«ይህ መብራት ጠፍቶ ያውቃል?»

«ለምን ይጠፋል? ብርሃን አይደል የቸገራቸው?»

«አንተ መሥሪያ ቤት እየተኛህ እንኳ ማታ ደግሞ ትተኛለህ። እነሱ መቼ ዓይናቸውን ይክደኑ?»

አጠፋሁት። ኮርኒሱ ላይ ያለው መንጠቆ ከኮሪደሩ መብራት የተነሣ ጥላው ግድግዳው ላይ ወድቋል።

«አልጋዋ ከዚህ ላይ ነበር የምትንጠለጠለው፣ አይደል?» አሉ አማቴ። «ትንሿ የሕፃን አልጋ።»

«ውሃ እንዳይቋረጥ ጄሪካን ልሙላ» ብዬ ወጣሁ። ውሃው ከመጣ ሰንብቷል።

ሐሙስ 4

አማቴ ማታ ማታ ከክፍላቸው ሲስቁ እሰማ ነበር። ተከታታይ ድራማ የሚያዩ መስሎኝ ነበር። ድራማው እኔ ነኝ።

ውሃ ይዤ በበራቸው ሳልፍ የራሴን ድምፅ ሰማሁ። የእኔው አነጋገር፣ የእኔው ጉሮሮ ጠረጋ፣ ግን በአማቴ አፍ፦ «‹ቀና በሉ እንጂ! ምን ሆናችሁ?› ይልሻል። ከዚያ እንደ ሥራ አስኪያጅ ወዲያ ወዲህ ይላል። ከዚያ ጎንበስ ይልና ለዚያች ለትንሿ፣ ‹አንቺማ ጀግና ነሽ› ... ኧረ እጁን ብታዪው! እንቁላል የያዘ ነው የሚመስል።»

ከስልኩ ሳቅ ወጣ። የእሷ ሳቅ። ይህን ሳቅ ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ ነው? ከዚያ ሳቁ ተቆረጠና፦

«እውነት እንደዚያ ይላታል፣ እማዬ?»

«በሞትሽ። እኔ ልዋሽ?»

«ለማሾፍ ነው?»

«የሚያየው ሰው በሌለበት ለማን ያሾፋል?»

ውሃው ካልሲዬ ላይ ሲፈስ ነው ዘቅዝቄ እንደያዝኩት ያወቅኩት።

መናደድ ነበረብኝ። ሰው በበሩ ቀዳዳ ሰምቶ፣ ሌላው ብቻውን ሆኖ የተናገረውን በድምፁ አስመስሎ መሳቂያ ማድረግ! ምን ዓይነት ሰው ነው እንዲህ የሚያደርግ? ይህን ዓረፍተ ነገር ከጻፍኩት በኋላ ደግሜ አነበብኩት።

መልካም። ቀጣዩ ርዕስ። ቲማቲሞቹ ወፍረዋል።

ዓርብ 5

ተመልካች እንዳለኝ ካወቅኩ ዘንድ ዕድሉ አያምልጠኝ ብዬ ዛሬ ጠዋት ለችግኞቹ ጮክ ብዬ ንግግር አደረግኩ። በሩን ሆን ብዬ ከፈት አድርጌ። ስለ መቻቻል፣ ስለ ትዳር ክቡርነት፣ ስለ ቀልድና ስለ ወሰኑ። ጥሩ ንግግር ነበር፤ መግቢያ አለው፣ መዝጊያ አለው።

ቁርስ ላይ አማቴ ሻይ እየቀዱ፦

«የዛሬው የቢሮ ነው። አላስተላልፈውም።»

«ምኑ ነው የማይተላለፈው?»

«የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፣ ልጄ። በመግለጫም አይታሽም።»

እሑድ 7

ለችግኞቹ አንድ ነገር ነገርኳቸው። አጭር ነው። እዚህ አልጽፈውም፤ ደብተሩ ላይ «የደንበኞች ቅሬታ» ይላል፣ ቦታው አይደለም።

አማቴ ኮሪደሩ ላይ ነበሩ። ማስመሰልም፣ መሳቅም አልሞከሩም። «ይህቺን እኔ አልነግራትም» አሉ። «ይህቺን ራስህ ንገራት።»

ሁለት ጊዜ ቁጥሯን መታሁ። ሁለቱንም ጊዜ ሳይጠራ ዘጋሁት። ነገ።

ሐሙስ 11

ነገ አልሆነም።

ጥርስ ሐኪሙ ለመልስ ግብዣ ቅዳሜ ጠራን፤ «ከነጨዋታህ» ብሎ። ጨዋታው ታሟል አልኩት።

ቅዳሜ 13

በሩ ሲንኳኳ እጄ አፈር ነበር። ቲማቲሞቹን ወደ ትልቁ ጣሳ እያዛወርኩ ነበር።

እሷ ናት። ትልቁን ሻንጣ ይዛለች፤ ባለጎማውን። ሻንጣው ባዶ ይሁን ሙሉ በዓይን አይታወቅም። እኔ ግን ዕቃ ማመላለሻ አድርጌ ነው ያየሁት።

«አልሞቱም እኮ!» ብዬ ጮህኩ። ባለቤቱ በሩ ላይ ለቆመች ሰው የመጀመሪያ ቃሉ ይህ ነው። «ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው፤ እነሱም በአደጋ ነው፤ የቀሩት ደኅና...»

«አውቃለሁ» አለች።

ሻንጣውን ኮሪደሩ ላይ አቁማ ወደ ቢጫዋ ክፍል አለፈች። ተከተልኳት። አማቴም ተከተሉን፤ ጉልበታቸው ዛሬ ጤነኛ ነው።

ፍሬሙን ዞረችው። የሚያነክሰውን እግርና ከሥሩ ያለውን ካርቶን አየች። ፎይሉን በጣቷ ነካች። ሰንሰለቱን ወደ ላይ ወደ ታች አደረገችው።

«እንጨቱ የምን ነው?»

ማብራሪያ ለመስጠት ጉሮሮዬን ጠረግኩ። አማቴ ቀደሙኝ፦ «አልጋችሁ ነዋ።»

ሄዳ መኝታ ቤቱን ከፍታ አየች። ፍራሹ እንደ ጀልባ ሰርጉዷል። ተመልሳ መጣች። ከንፈሯን ነክሳለች፤ ሳቅ ይሁን ሌላ ነገር አላወቅኩም። ከዚያ ቀና አለች። መንጠቆውን አየች። አጠገቡ ያለውን የኮርኒስ ቀዳዳ አየች።

«ይህ እያለ?»

መሀል አይደለም ልል ነበር።

«እሱ ለዚህ አልነበረም» አልኩ።

«አውቃለሁ ለምን እንደነበረ።»

ማናችንም ከዚያ በፊት ስለ እሱ ይህን ያህል ተናግረን አናውቅም። ዓመት ሙሉ፣ ከሥሩ እያለፍን፣ ቀና ሳንል።

ወንበር ስባ ወጣችበት። «ያዝልኝ» አለች። የያዝኩት አምፖሎቹን ነው ወይስ ወንበሩን፣ አሁን አላስታውስም፤ ሁለቱንም ሳይሆን አይቀርም። ሰንሰለቶቹን ከማገሩ ፈትታ ጫፋቸውን አገናኘች፤ መንጠቆው ላይ ሰቀለቻቸው። አምፖሎቹ አንዴ ዞር ብለው ቀጥ አሉ። መንጠቆው አልተነቃነቀም።

እሷ ወንበሩ ላይ፣ እኔ ከሥር። ከላይ ሆና ስታየኝ ያቺን እሑድ ለችግኞቹ ያልኳትን ነገር አልኩ። መግቢያ የለውም።

«ያን ማታ ድምፅሽን ማስመሰል አልነበረብኝም። ብቻሽን ሆነሽ ያልሺውን ነው ለሰው ያሳየሁት። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

ቀልድ እጨምር እንደሆን ብላ ይሆናል ለአፍታ የጠበቀችው። እኔም ራሴን ጠበቅኩ። ምንም አልመጣም።

«አልነበረብህም» አለች።

ወረደች። ይቅር ብዬሃለሁም፣ አላልኩህምም አላለችም። ችግኞቹ ፊት ቁጭ ብላ ትንሿን ቃሪያ ወደ ራሷ ጎተተችና ጀርባዋን ሰጠችን።

«እነዚህን እግሮች አውጣልኝ፤ ክፍሉን ሞሉት» አለች ሳትዞር። «ርብራቡን ወደ ቦታው መልሰው። ዛሬ።»

ዛሬ! ጣውላዎቹን እንዳቀፍኩ ወጣሁና በእግሬ በሩን ዘጋሁት። እስኪቀረቀር ድረስ። ከኮሪደሩ ሻንጣውን ልግፋ ብዬ ነካሁት፤ ከባድ ነው፤ ባዶ አልመጣም። እንደተሸከምኩ ቆምኩ።

ከዚያ ከበሩ ጀርባ ድምፅ መጣ። ቀስ ያለ። ለእነሱ እያወራች ነው።

ዞር ስል አማቴ ጆሯቸውን በሩ ላይ ለጥፈዋል።

«እማማ፣ ኧረ ይምጡ ከዚያ።»

«ዝም በል። ምን እያለቻቸው ነው?»

«አልሰማሁም።»

«አንተ? አልሰማህም?»

«አልሰማሁም፣ እማማ። ይህችን ጣውላ ይያዙልኝ፤ አልጋ ልንሠራ ነው።»